ሜትሬ ቀድሞኝ አወቀ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሽሮ ሜዳ አካባቢ 23 ዓመት የሀበሻ ቀሚስ ሰፍቻለሁ። የሰው ወገብ ገና ሳየው ቁጥሩ ይመጣልኛል። የራሴን ግን ለክቼው አላውቅም ነበር።

አምና ሁዳዴ ላይ ነው የጀመረኝ። ሆዴ ይነፋል። ጾም ነው፣ ሽሮ ነው፣ ምስር ነው፤ ሆዱ የማይነፋ ማን አለ? ፋሲካ ሲመጣ ይለቀኛል አልኩ። ፋሲካ መጣ። ያን ሁሉ ቀን የናፈቀኝን ዶሮ ወጥ ሦስት ጉርሻ እንደበላሁ ሆዴ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። እህቴ "በሞቴ!" ብላ ያጎረሰችኝን ዞር ብዬ በሶፍት ጠቅልዬ ጣልኩት። እስካሁን አልነገርኳትም። (ካነበብሽው ይቅርታ።)

ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ትሁት። "እንዴት ነሽ እናቴ?" አለኝ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" አልኩት። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ደህና ከሆንኩ እዚያ ምን ልሠራ ሄድኩ? "ምንሽን ነው የሚያምሽ?" ሲለኝ ደግሞ "ጨጓራዬን መሰለኝ" አልኩ። በቃ። በሽታውን እኔው ስም አወጣሁለት። ሰገራ ሰጠሁ፣ ባክቴሪያ አለ ተባለ፣ የ14 ቀን መድኃኒት ይዤ ወጣሁ። ባክቴሪያው ውሸት አልነበረም። እኛ አገር ብዙ ሰው ላይ ይገኛል። ሆዴን የሚነፋው ግን እሱ አልነበረም።

ሁለተኛው ቦታ ደም ሰጠሁ፤ ታይፎይድ ተባልኩ። ሌላ ኪኒን። ጎረቤቴ ፌጦ በሎሚ አዘዘችልኝ፤ እሱንም ጠጣሁ። አንዲት ደንበኛዬ "ወፈር አልሽ፣ ተመችቶሻል" ስትለኝ ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው።

ለማንም ያልተናገርኩት ነገር ነበር። ሽንቴ ቶሎ ቶሎ ይመጣብኛል። ሱቃችን ሽንት ቤት የለውም፤ ጎረቤት ካፌ ነው የምንገባው። በቀን አንዴ የምገባው ሴት አምስቴ መመላለስ ስጀምር አስተናጋጇ "ማኪያቶ እንኳን አታዢም?" በሚል ዓይን ታየኝ ጀመር። ይሄን ለዚያ ልጅ ሐኪም ምን ብዬ ልንገረው? ከሆድስ ጋር ምን አገናኘው?

ግንቦት መግቢያ ላይ ለእህቴ ልጅ ሰርግ የምለብሰውን ልሰፋ ረዳቴ ለካችኝ። ወገብ 86። ሰርጉ ሊደርስ ሲል ሞከርኩት፤ አልዘጋ አለ። "በደንብ አልለካሽኝም!" ብዬ ልጅቷን ተቆጣኋት። ምንም ሳትመልስ ሜትሩን አንስታ እንደገና ለካችኝ። 90። እጅጌው ደግሞ ሰፍቶኛል። ክንዴ ከ31 ወደ 29 ወርዷል።

እዚህ ላይ ነው የደነገጥኩት። ሰው ሲወፍር ክንዱም አብሮ ይወፍራል። ወገቡ እየጨመረ ክንዱ የሚቀንስ ሰው፣ እርጉዝ ካልሆነ በቀር፣ በ23 ዓመት አልገጠመኝም። እኔ ደግሞ 52 ዓመቴ ነው፤ ካረጥኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል።

የደንበኛ ልክ የምጽፍበት ደብተር አለኝ። የመጨረሻው ገጽ ላይ "የራሴ" ብዬ ጻፍኩ። ማታ ማታ ቀኑን፣ ወገቤን፣ ምን ያህል እንደበላሁ፣ ስንት ጊዜ ሽንት እንደሄድኩ እመዘግባለሁ። በ30 ቀን ውስጥ 26ቱ ላይ "ነፋኝ" ይላል። ሐምሌ ሲገባ ወገቤ 93 ደረሰ።

ደብተሩን ይዤ ሌላ ቦታ ሄድኩ። ዶክተሯ ያለፈውን ሰምታ የጨጓራ መድኃኒት መጻፍ ስትጀምር "ዶክተር፣ ይሄን ወስጄዋለሁ። ወገቤ በሁለት ወር 7 ሳንቲም ጨመረ። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ወደ ቤቴ አልሄድም" አልኳት። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐኪም ፊት እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ እጇን ለደብተሩ ዘረጋች። የሰው ደረትና ዳሌ እያገላበጠች የኔ ገጽ ላይ ደረሰች። ዝም ብላ አነበበችው። ከዚያ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ፦ "በቤተሰብ የጡት ወይም የማህፀን ካንሰር የያዘው ሰው አለ?"

አክስቴ "በዚያ ክፉ በሽታ" ነው የሞተችው። ጡቷ ላይ ቁስል ነበረባት። እኛ ቤት ስሙ አይጠራም፤ ድምፅ ዝቅ ይደረጋል። የአባቴ እህት ናት፤ ስለዚህ እኔን የሚመለከት አልመሰለኝም። ለካ ቢአርሲኤ የሚባለው የዘር ለውጥ በአባት በኩልም ይወረሳል፤ ያለባት ሴት ለጡትም ለእንቁልጢም ካንሰር ከሌላው በጣም የበለጠ ትጋለጣለች።

በዚያው ቀን አልትራሳውንድ ተነሳሁ። ግራ እንቁልጢዬ ላይ 9 ሳንቲም እብጠት፣ ሆዴ ውስጥ ውሃ። እንቁልጢ ኦቫሪ የሚሉት ነው፤ ከማህፀን ግራና ቀኝ ያለ፣ ከነቅርፊቱ ኦቾሎኒ የሚያክል። የኔ ብርቱካን አክሏል። ሲኤ 125 የሚባለው የደም ምርመራ ከ35 በታች መሆን ነበረበት፤ የኔ 412 ሆነ።

"ከሁለት ዓመት በፊት እኮ ተመርምሬ ነጻ ነሽ ተብያለሁ" አልኳት። የማህፀን በር ምርመራ ነበር። እሱ ጥሩ ነገር ነው፣ ሁላችሁም ተመርመሩ፤ ግን በሩን እንጂ እንቁልጢን አያይም። ይሄን ስንቶቻችን ነን የምናውቀው?

እህቴ ይሄን እንደሰማች "እኔም አሁኑኑ አልትራሳውንድና ደሙን ልታይ" አለች። እንደዚያ ቀላል ቢሆን። እንግሊዝ አገር ከ200 ሺህ በላይ ሴቶችን ለዓመታት ተከታትለው ነበር። የመጨረሻው ውጤት በ2021 ወጣ። ምንም ሳያማቸው በየዓመቱ መመርመራቸው ከሞት አላዳናቸውም። ሲኤ 125 ደግሞ በሆድ ቲቢም፣ በማህፀን እጢም፣ በወር አበባም ሊጨምር ይችላል፤ ካንሰሩ ገና ጅምር ላይ ሳለ ግን ግማሽ ያህሉ ሴቶች ላይ ምንም አያሳይም። ስለዚህ ሐኪሞቹ የሚሉት ለምልክቱ ንቁ ነው፦ የሆድ መንፋት፣ ቶሎ መጥገብ፣ የሆድ ወይም የዳሌ ሕመም፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት። ዓመት ያልሞላው አዲስ ነገር ከሆነና በወር ከ12 ቀን በላይ ከተመላለሰ መታየት አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። ይገኝ። እህቴ ምንም ምልክት የላትም፤ ግን የአክስታችን ነገር ስላለ ዶክተሯ ጋ ወስጄ ታሪካችንን ሁሉ አስመዘገብኳት።

ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። የእንቁልጢ ካንሰር ነው፣ ደረጃ ሁለት አሉኝ። ሁዳዴ ላይ ብመጣ ደረጃ አንድ ይሆን ነበር ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር። ዶክተሯ አልዋሸችኝም፤ "ይህን ማንም ሊነግርሽ አይችልም" አለችኝ። የመጀመሪያው ሐኪም ላይ ለመናደድ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። "ጨጓራዬ" ያልኩት እኔ ነኝ። ታይፎይድ ነው ያለኝ ሐኪም ላይ ግን ትንሽ እናደዳለሁ፤ ሆዴን በእጁ እንኳን አልነካውም።

ከዚያ ስድስት ዙር ኬሞ፣ በየ21 ቀኑ። ስለ ፀጉሩ ሁሉም ያወራል። እኔን የጎዳኝ ጣቴ ነው። መድኃኒቱ ጫፍ ጫፉን አደነዘዘው። መርፌ ይወጋኛል፣ አይሰማኝም፤ ነጩ ሸማ ላይ የደም ነጠብጣብ ሳይ ነው የማውቀው። አሁን ኬሞው ካለቀ ሰባት ወር ሆነው፤ አውራ ጣቴ ተመልሷል፣ ሌሎቹ ገና ናቸው። ጥልፉን ለረዳቴ ትቼ እኔ መለካትና መቁረጡን ይዣለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ደንበኛ ቀሚሷን ልትሞክር መጣች። ወገቡ አልዘጋ አለ። ሜትሩን አዞርኩ። በአንድ ወር 4 ሳንቲም። እጄ ቀጥ አለ። ረዳቴን ክር ግዢ ብዬ ላክኋትና ዝቅ ብዬ "እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ምግብ ቶሎ ያጠግብሻል? ሽንትስ ቶሎ ቶሎ ይይዝሻል?" አልኳት።

አንገቷን ደፋች። እናቷ ከመጋረጃው ወዲያ ቁጭ ብለው ጥለት ይመርጣሉ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና "እማዬ እንዳትሰማ፤ አራት ወር ሆነኝ" አለችኝ።

ስፌቱን ፈትቼ ወገቡን ለቀቅ አደረግኩላት።