ግድግዳውን ስለካ የከረምኩበት የልብ መለኪያ

የመጀመሪያውን የልብ መለኪያ ሰርኪዩቴን ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ ስሰካው ስክሪኑን የሞላው የሚያምር ሞገድ ነበር። ደስ አለኝ። ከዛ ቆጠርኩት። በሰከንድ 50 ጊዜ! የማንም ልብ እንዲህ አይመታም። ለካ የማየው ግድግዳው ውስጥ ያለውን የመብራት መስመር ነው።

የልብ ሲግናል ቆዳ ላይ 1 ሚሊቮልት አካባቢ ነው። ሰውነታችን ደግሞ እንደ አንቴና ነው፤ ከመብራት መስመሩ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ይለቅማል። እኔ ጥፋቱን አምፕሊፋየሩ ላይ ጣልኩና ኤዲ620 የሚባለውን የአምፕሊፋየር ቺፕ ገዝቼ ቀየርኩት። ኖይዙ፣ ማለትም ያልፈለግኩት ሞገድ፣ ንቅንቅ አላለም።

ቺፑ ምን ያድርግ? ሥራው ከሰውነት በሚመጡት በሁለቱም ሽቦ እኩል የመጣውን ኖይዝ መሰረዝ ነው። እኔ ግን መግቢያው ላይ ሁለት ካፓሲተር አስቀምጫለሁ። የተጻፈባቸው ቁጥር አንድ ነው፤ አውጥቼ ስለካቸው አንዱ ከሌላው በ10 ፐርሰንት ይበልጣል። እኩል የመጣውን አበላልጬ ነው የማቀብለው። ቆዳ ላይ ከሚለጠፉት ኤሌክትሮዶች የአንዱም ጄል ደርቆ ነበር፤ እሱም ያው ማበላለጥ ነው። ካፓሲተሮቹን እየለካሁ አጣመርኩ፣ ቆዳዬን በፋሻ ጨርቅ ፈተግ ፈተግ አድርጌ አዲስ ኤሌክትሮድ ለጠፍኩ። ሞገዱ ወዲያው ቀጠነ።

ሌላው ስህተቴ ስግብግብነት ነው። የመጀመሪያውን እርከን 500 እጥፍ እንዲያጎላ አድርጌው ነበር። ኤሌክትሮድ ራሱ እስከ 300 ሚሊቮልት የሚደርስ ቋሚ ቮልቴጅ ሊፈጥር ይችላል። በ500 ሲባዛ 150 ቮልት! የእኔ ባትሪ 9 ቮልት ነው፤ አምፕሊፋየሩ ከዚያ በላይ ማውጣት አይችልም። ወደ 10 እጥፍ አወረድኩት፤ ቀሪውን ማጉላት ቋሚው ቮልቴጅ ከተጣራ በኋላ ላለው እርከን ተውኩለት።

በመጨረሻ የቀኝ እግር ድራይቭ ጨመርኩ። ሰውነት የለቀመውን የጋራ ቮልቴጅ ገልብጦ መልሶ ወደ ሰውነት ይልካል። መስመሩ ላይ በመቶ ሺዎች ኦም የሚቆጠር ሬዚስተር አስገብቻለሁ፣ የሆነ ነገር ቢበላሽ ከረንቱን ይገድበዋል። ከሰርኪዩቱ ጋር የሚገናኝ ላፕቶፕ ካለም ከቻርጀር ይነቀላል። በዚህ ቀልድ የለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም መስመሩ ላይ ጸጉር የመሰለ ነገር ቀረ። ሁለት ቀን ሙሉ ብየዳውን ስመረምር ቆየሁ። አንድ ማታ ደክሞኝ እጄን ጭኔ ላይ ጣል ሳደርገው ጸጉሩ ጠፋ። ለካ የኦሲሎስኮፑን መለኪያ ፕሮብ የያዘው ክንዴ ጡንቻ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ነበር። ከዛ ከልብ ምቱ ትልቅ ጫፍ በፊት የምትመጣዋ ትንሽ ጉብታ ብቅ አለች፤ ፒ ሞገድ የሚሏት።