አቤት ያላለው ሬዲዮ

ትናንት ማታ 3 ሰዓት ገደማ ቀይዋ መብራት በራች። እራት ላይ ነበርን። አባዬ እጁን ከመሶቡ መለሰና «ምን ሆነ?» አለ። እኔም ልቤ ድንግጥ አለ። ያቺ መብራት ከተሠራች ወዲህ ስትበራ የመጀመሪያዋ ነው።

ከሥሩ ላውጋው። ቤታችን ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ጣና ዳር ነው። ጓሮው እስከ ሐይቁ ይወርዳል፤ ታች ማንጎና ጌሾ አለን። እዚያው ሮቶ ቆሟል፤ ፓምፑ ከሐይቁ እየሳበ ይሞላዋል። ብሬከሩ ግን እቤት ነው። አባዬ ሮቶው መሙላቱን ለማየት ረባዳውን ዞሮ ይወርዳል፣ ፓምፑን ለማጥፋት ያንኑ መንገድ ይወጣል። ጉልበቱ እንደ ድሮው አይደለም። አምና ክረምት ጭቃው አዳለጠውና ወደቀ። ሳምንት ሙሉ ሲያነክስ እያየሁ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም።

ተጨማሪ ገመድ እንቅበር ብለው አባዬ ማንጎዎቹ ሥር መቆፈርን አልፈቀደም። በሞባይል መልእክት እንዳላደርገው፣ ኔትወርኩ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። ስለዚህ ሁለት ትንንሽ ሬዲዮ ገዛሁ። ኤንአርኤፍ24 ይባላሉ። የሚሠሩት ዋይፋይም በሚጠቀምበት በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ነው። አንዱ ሮቶው ላይ፣ አንዱ እቤት፤ ቀጥታው 200 ሜትር ያህል ነው። እያንዳንዱን የምታዝዘው ጥፍር የምታህል ማይክሮኮንትሮለር ናት። ሮቶው ውስጥ ተንሳፋፊ ማብሪያ አለ፤ ውሃው ሲያነሳው «ሞልቷል» የሚል መልእክት ይሄዳል፣ እቤት ቢጫ መብራት ይበራል። በቃ፣ ይኸው ነው።

የዚህ ሬዲዮ አንድ ጠባይ በጣም ደስ ይለኛል። ሰው ከሩቅ ሲጠራ «አቤት» ይላል። ጠሪውም አቤት እስኪባል ይጣራል። ይህም እንደዚያው ነው። መልእክቱን ይልክና መልስ ይጠብቃል። መልስ ካጣ ራሱ ይደግማል፣ እስከ 15 ጊዜ ድረስ። ለዚህ የተለየ ኮድ መጻፍ አያስፈልግም፤ ቺፑ ውስጥ አብሮ የተሠራ ነገር ነው።

ፈተናዬም የጀመረው እዚሁ አቤት ላይ ነው። ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ስሞክር የቤቱ መብራት ይበራል። መልእክቱ ደርሷል ማለት ነው። ላኪው ግን «መልስ የለም» ይለኛል። እንዴት ሰምቶ አይመልስም? ሁለት ሳምንት ኮዱን ስገለብጥ ከረምኩ። ቻናል ቀየርኩ፣ ፍጥነቱን ዝቅ አደረግኩ። ምንም የለም። አንድ ሌሊት ሽቦ ላስተካክል ብዬ የቤቱን ሬዲዮ በጣቴ ነካሁት። አቤት አለ! ጣቴን አነሳሁ፣ ጠፋ። ነካሁት፣ መጣ።

በነጋታው ከተማ ወረድኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቴፕና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ የኖሩ አንድ ጋሼ አሉ። ማይክሮኮንትሮለር ነክተው አያውቁም። ነገሩን ሳስረዳቸው ግን ስለ ኮዱ አንድ ቃል አልጠየቁኝም። «ልጄ፣ መጀመሪያ ምን እንደሚበላ እይለት» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ረጅም አንቴና ያለው ይህ ሬዲዮ ሲናገር እስከ 115 ሚሊአምፒር ይስባል። ሲያዳምጥ የሚበቃው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። እኔ የምቀልበው ከአርዱዊኖው፣ ማይክሮኮንትሮለሯ ካለችበት ቦርድ፣ የ3.3 ቮልት ጫፍ ነበር፤ ያ ጫፍ የሚሰጠው 50 ሚሊአምፒር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ መስማት ይሰማል። አቤት ሊል አፉን ሲከፍት ኃይሉ ይወርድበታል። የኔ ጣት ለምን እንዳገዘችው እስካሁን ቁርጥ አድርጌ አልናገርም፤ ኃይል ያጠረው ሰርኪዩት እንዲህ ሲነኩት ይለዋወጣል።

ጋሼ ከአሮጌ ቦርድ ላይ አንድ ባለ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ነቅለው ሰጡኝ። «ሮቶ በለው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ካፓሲተርን በሌላ ዓይን አይቼው አላውቅም። መስመሩ ቀስ እያለ ይሞላዋል፤ ድንገት ብዙ ሲያስፈልግ እሱ ይሰጣል። እግሮቹን አሳጥሬ፣ ነጩ መስመር ያለበትን ወደ ኔጌቲቭ አድርጌ፣ እዚያው ሬዲዮው እግር ላይ በሶልደር አጣበቅኩት። ራቅ አድርገው በሽቦ ካገናኙት ጥቅሙ ይቀንሳል። ለብቻው 3.3 ቮልት የሚያወጣ ሬጉሌተርም ጨመርኩ። ያን ቀን አንድም መልእክት ሳይመለስ አልቀረም።

ሚያዝያ ላይ ተከልነው። ክረምቱንም አለፈ። መስከረም ላይ ግን ጉድ ሠራን። ጣና ሞልቶ ረባዳው ውሃ ያዘ፣ ደንገሉም ከሰው ቁመት በላይ ሆነ። እርጥብ ቅጠል ይህን ሞገድ ይውጠዋል። ሮቶው ሞላ፣ መልእክቱ ደንገሉ ውስጥ ቀረ። ቢጫው ስላልበራ ገና ነው ብለን ተኛን። ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረ። ጠዋት ስንወርድ አንዱ ማንጎ ሥሩ ታጥቦ ወጥቷል። አባዬ ምንም አላለኝም። አካፋውን አንስቶ አፈር መመለስ ጀመረ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሞገዱ የሚሄደው እንደ ክር ቀጥኖ አይደለም፤ መሀል ላይ ሆዱ ይሰፋል። በ200 ሜትር ርቀት ከመሀል መስመሩ ወደ ታችም ወደ ላይም 2 ሜትር ተኩል ያህል ክፍት ቦታ ይፈልጋል። አንቴናዎቹን በባሕር ዛፍ እንጨት ወደ 5 ሜትር ከፍ አደረግናቸው፤ ደንገሉን ዘለሉት።

ዋናው ጥፋት ግን የደንገሉ አልነበረም፤ የኔ ነበር። ዝምታን «አልሞላም» ብሎ የሚተረጉም ነገር ሠርቼ ነበር። አሁን የሮቶው ሬዲዮ ቢሞላም ባይሞላም «አለሁ» ይላል። ማይክሮኮንትሮለሯ ለባትሪ ድንጋዩ ስትል ትተኛለች፤ አንድ እንቅልፏ ከ8 ሰከንድ አያልፍም፣ ስለዚህ ስምንት ጊዜ አሸልባ አንዴ ትናገራለች። ድምፅዋ ከመጣ አረንጓዴ ይበራል። ሦስት ደቂቃ ከጠፋ ቀይ ይሆናል፣ ፓምፑም ይጠፋል።

ትናንት የሆነው ይኸው ነው። ከአባዬ ጋር የስልክ መብራት ይዘን ወረድን። ሳጥኑን ስከፍት የባትሪ ቤቱ ሞላ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። የሐይቁ እርጥበት ነው፤ ክዳኑን በደንብ አልደፈንኩትም ነበር። አባዬ ቢላውን ከኪሱ አወጣ። እኔ አበራሁለት፣ እሱ ፋቀው። ድንጋዮቹን መልሰን ገጠምንና ቆመን ጠበቅን። ከታች ዓሣ አጥማጆች ሲነጋገሩ ይሰማል።

እማዬ ከላይ ከደጅ ሆና ጮኸች፦ «አረንጓዴው በራ!»

«ሰማን!» አለ አባዬ።