ከትከሻ ወርዶ ግድግዳ ላይ የወጣው ጨርቅ

ለዓመታት የሸመንኩት ሁሉ ወይ የሚለበስ ወይ የሚነጠፍ ነበር። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ልሥራ ብዬ ስነሣ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ዛሬ ያስቀኛል። ያማረውን ቆርጬ ጣውላ ላይ በሙጫ ለጠፍኩትና መስታወት ባለው ፍሬም አስገባሁት። ያየው ሁሉ "ስንት ቀን ፈጀብሽ?" ብሎኝ አለፈ። ሙጫውም ውሎ አድሮ ቢጫ ሆኖ በክሮቹ መሃል ብቅ አለ።

ጨርቅን ጨርቅ የሚያሰኘው ክብደቱ፣ እጥፋቱና ብርሃን የሚያሾልክበት ቀዳዳው ነው። እኔ ሦስቱንም ነጥቄው የጨርቅ ፎቶግራፍ አስመስየው ነበር። ሸማኔዋ አኒ አልበርስ እ.ኤ.አ. በ1949 በኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሽመናዋን ለብቻዋ አሳይታለች፤ ፖላንዳዊቷ የጥበብ ሰው ማግዳሌና አባካኖቪች ደግሞ በ1960ዎቹ ሲሳል ከተባለው ቃጫ የሠራቻቸውን ግዙፍ ሥራዎች ሰው እየዞረ እንዲያያቸው ከጣራ አንጠልጥላለች። ሁለቱም ክሩን እንደ ሥዕል ቀለም አልቆጠሩትም።

ሁለተኛው ሥራዬ ላይ ክሩን የሚያመላልሰውን መወርወሪያ ከዳር እስከ ዳር መላኩን ትቼ መሃል ላይ መመለስ ጀመርኩ። አግድም የሚያልፈው ክር፣ ማጉ፣ ያልደረሰበት በቁመት የተወጠረው ድር ራቁቱን ቀረ። ተወጥሮ ሳለ እንደ ክራር ክር ቀጥ ያለ ነበር፤ ቆርጬ ሳወርደው ግን ረገበና ተንዘላዘለ። የተሸመነው ድር በማጉ ላይና ታች ስለሚጥመለመል ውጥረቱ ሲለቀው ያጥራል፤ ያልተሸመነው ርዝመቱን እንደያዘ ይቀራል። ሁለት ቀን ተናድጄ ከረምኩ። አሁን ግን ቀጥ እንዲል ስፈልግ ክፍተቱን ከዳር እስከ ዳር አደርገውና ግርጌው ላይ የብረት ዘንግ አስገባለሁ፤ እንዲረግብ ስፈልግ ደግሞ ጎንና ጎኑን ጥብቅ አድርጌ እሸምናለሁ። በክፍተቱ ድንበር ያለውን ማግ ሳላወርደው በመርፌ አስረዋለሁ፤ አለዚያ ተንሸራቶ ክፍተቱን ይደፍነዋል።

አሰቃቀሉም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ምስማር አልመታበትም። ቬልክሮ የሚባለውን፣ ሲጫኑት የሚጣበቅ ሲስቡት የሚላቀቅ ማያያዣ በጥጥ ጥብጣብ ላይ በመኪና ሰፍቼ፣ ጥብጣቡን ከጨርቁ ጀርባ በእጅ እሰፋዋለሁ፤ ክብደቱ በወርዱ ሙሉ ይከፋፈላል። መብራቱንም ሙዚየሞች ለጨርቅ እንደሚያደርጉት በብርሃን መለኪያው ወደ 50 ሉክስ ዝቅ አደርጋለሁ፤ ቀለም በብርሃን ይበላል።

ኤግዚቢሽኑ ላይ አንድ አዛውንት ሸማኔ መጡ። "አይነካም" የሚለውን ጽሑፍ ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ ጠርዙን በሁለት ጣታቸው አሹት። ከልካዩ ሊናገራቸው ሲል በዓይኔ ለመንኩት።

"ይሄን ለምን ሳትጨርሽው ተውሽው?" አሉኝ።

ከረገበው ድር ጎን ያለውን ጥብቅ ሽመና አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው፣ ጎንበስ ብለው ክሩን ይቆጥሩ ጀመር።