ስኮፐስ ላይ ሦስት ሰው ሆኜ ተገኘሁ፦ የኢነርጂ ፔፐሮቼን ሳይቴሽን እንዴት እንደሰበሰብኩ

የኢነርጂ ኢንጂነሪንግ አስተማሪ ነኝ፣ ነገሩ የታወቀኝ ለፕሮሞሽን ፋይል ሳዘጋጅ ነው። ስኮፐስ (የምርምር ፔፐሮችንና ሳይቴሽናቸውን፣ ማለትም ሌሎች ፔፐሮች ስንቴ እንደጠቀሷቸው፣ የሚመዘግብ ዳታቤዝ) ላይ አንድ ቦታ በራሴ ስም ሌላ ቦታ በአባቴ ስም ተመዝግቤያለሁ፣ የአባቴ ስም ደግሞ ወልደሚካኤል ስለሆነ አንዱ ጆርናል ወልደን ቆርጦ ሚካኤልን ብቻ የቤተሰብ ስም አድርጎልኛል። አብሮኝ የሚያስተምር ጓደኛዬ አይቶ "አንተ እኮ ሦስት ሰው ነህ፣ ደሞዝህ ግን ያንድ ሰው ነው" ብሎ ሳቀብኝ። የፈረንጅ ሲስተም የቤተሰብ ስም ካልሞላህ አያሳልፍህም፣ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፣ ስለዚህ ብዙ ሀበሻ ተመራማሪ እንዲህ ተበትኖ ነው ያለው።

ጉዳቱ ቁጥር ላይ ሲታይ ነው የሚገባችሁ። የተመራማሪ መለኪያ የሆነውን ኤች ኢንዴክስን ሂርሽ የሚባል ፊዚሲስት በ2005 እ.ኤ.አ. ነው ያመጣው፣ 5 ነው ከተባለ ቢያንስ 5 ሳይቴሽን ያላቸው 5 ፔፐሮች አሉህ ማለት ነው። እንበልና ፔፐሮችህ 64፣ 21፣ 9፣ 6፣ 5 እና 3 ሳይቴሽን አላቸው፣ ኤችህ 5 ነው። እነዚሁ ለሁለት ፕሮፋይል ሲከፈሉ፣ አንዱ ጋ 64፣ 9፣ 5 ሌላው ጋ 21፣ 6፣ 3 ቢሆኑ ሁለቱም 3 ይሆናሉ። ስራው ያው ነው፣ ቁጥሩ ግን ወረደ።

መጀመሪያ ኦርኪድ (ORCID) የሚባለውን የተመራማሪ መለያ አወጣሁ፣ ነፃ ነው፣ ባለ 16 አሃዝ ቁጥር ይሰጥሃል፣ ስምህ እንዴትም ቢጻፍ እሱ አይቀየርም። ከዛ ስኮፐስ ላይ "እነዚህ ሁሉ እኔ ነኝ፣ አንድ አድርጉልኝ" የሚል ጥያቄ አስገባሁ፣ ለዚህ ሰብስክሪፕሽን አያስፈልግም። ጎግል ስኮላር ላይ ደግሞ የተደጋገሙትን መርጦ መርጅ ማድረግ ነው፣ ዋናው ግን አዲስ ፔፐር በራሱ እንዳይጨምር ማጥፋትና መጀመሪያ በኢሜይል እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። ስማችን ይመሳሰላላ፣ አለበለዚያ የሶላር ሰው ፕሮፋይል ውስጥ የግመል በሽታ ፔፐር ይገባል፣ ደርሶብኛል። ደግሞ ስኮላር ቴሲሱንም ስኮፐስ የማይዛቸውን ኮንፈረንሶችም ስለሚቆጥር ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከስኮፐስ ይበልጣል፣ ፎርም ስትሞሉ የትኛው እንደሆነ ጻፉ።

ፕሮፋይል ማስተካከል ግን ያለውን መሰብሰብ ነው እንጂ አዲስ ሳይቴሽን አይወልድም። የኔ ላይ ያየሁት፣ ሆመር በሚባለው የኢነርጂ ሶፍትዌር የሰራኋቸው የሶላርና የንፋስ ሃይብሪድ ሲሙሌሽኖች ቶሎ ወጡ፣ ግን ወረዳ እየቀያየረ ተመሳሳዩን የሚሰራ ብዙ ስለሆነ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። የተጠቀሰልኝ ማንም ያልጠበቀው የምጣዱ ፔፐር ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይጎትታል፣ እኛ ሰው ቤት ሜትር ገጥመን ምጣዱ እስኪግል ስንት እንደበላ፣ አክንባሎው ተከድኖ እንጀራው እስኪበስል ስንት፣ በአንዱና በሁለተኛው እንጀራ መሀል ሲታሰስ ደግሞ ስንት እንደሚበላ በየደቂቃው መዘገብን። ዳታውን ዜኖዶ ላይ ጫንነው፣ ሰርን (የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል) በ2013 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነፃ የዳታ ማስቀመጫ ነው፣ ዲኦአይም (ዳታው የሚጠቀስበት ቋሚ መለያ) ይሰጣል። እነዛ ሁሉ ሲሙሌሽን የሚሰሩ ሰዎች የሎድ ፕሮፋይል (መብራት በየሰዓቱ ስንት እንደሚበላ የሚያሳይ ዳታ) ከየት ያመጣሉ? ከኛ ነዋ! በኔ እይታ ኢነርጂ ላይ የተለካ ዳታ ያለው ሰው ቆሞ አይቀርም፣ በተለይ የማገዶና የማብሰያ ነገር ላይ፣ አብዛኛው የሀገራችን ኢነርጂ እሱ ሆኖ ሳለ ሁሉም ሰው ወደ ግድብና ንፋስ ነው የሚሮጠው።

ስለ ጆርናል ባጭሩ፣ "ክቡር ፕሮፌሰር ሆይ" ብሎ ኢሜይል የሚልክላችሁን እለፉት፣ እኔ ገና ማስተርስ ተማሪ እያለሁ ፕሮፌሰር ተብያለሁ። በቀናት ውስጥ አክሴፕት የሚያደርግ ጆርናል ፔፐሩን የሚገመግም ሪቪወር የለውም። ክፍያ ካስፈራችሁ ደግሞ ኢትዮጵያ ሪሰርች ፎር ላይፍ (ለታዳጊ ሀገራት ጆርናሎችን በነፃ ወይም በቅናሽ የሚያቀርብ ፕሮግራም) ላይ በነፃ በሚያገኙት ሀገራት ምድብ፣ ግሩፕ ኤ ውስጥ ስለሆነች ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች የኦፕን አክሰስ ክፍያውን (ፔፐሩ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ጸሐፊው የሚከፍለውን) ይተዋሉ፣ ጥያቄውን ግን ሰብሚት ስታደርጉ አንሱት፣ አክሴፕት ከሆነና ኢንቮይሱ ከወጣ በኋላ ብዙዎቹ አይሰሟችሁም።