መብራቷን አጥፋልኝ

የድሮዋ ቪትዝ ትልቁ ችግር ዳሽቦርዷ መሃል ላይ መሆኑ ነው። አብዛኛው መኪና ላይ ፍጥነቱም፣ ነዳጁም፣ የሚበራ የሚጠፋውም መብራት ያለው ሹፌሩ ፊት ነው። የሹፌሩ ምስጢር ነው። ቪትዝ ላይ ግን ጋቢና የተቀመጠ ሁሉ እኩል ያያል። የኔዋ ጃፓን ተሠርታ ዱባይ ላይ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረላት ናት። መሪው ሲዞር ዳሽቦርዷ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። እኔ እነዳለሁ፣ ባለቤቴ ታነባለች።

አንድ እሁድ ወደ እናቷ ቤት ስንሄድ ጎተራ ማሳለጫ ላይ ቢጫዋ የሞተር መብራት በራች። አይቻታለሁ። ያላየሁ መስዬ መንገዱ ላይ አፈጠጥኩ።

«ይቺ ቢጫዋ ምንድን ናት?»

«የቷ?»

«ይቺ ሞተር የምትመስለዋ።»

«እሷ ኖርማል ናት።»

«ትናንት አልነበረችም እኮ።»

«ትናንት እሁድ አልነበረማ።»

ምን ማለቴ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ምሳ ላይ ጉዳዩ ለቤተሰብ ቀረበ። ያቀረብኩት እኔ አይደለሁም። የባለቤቴ ወንድም እጁን ሳይታጠብ ፍርዱን ሰጠ። «ኩባንያ ውሰዳት! ኮምፒውተር አላቸው፣ ደረሰኝ ይሰጡሃል፣ ለሠሩት ሥራ ዋስትና አለው። የሰፈር ጋራዥ ሁለት ብሎን ፈትቶ አንዱን ነው የሚመልስልህ።»

አማቴ ይሄን ሲሰሙ ጉርሻቸውን አስቀመጡ። እሳቸው በጉብዝናቸው ጊዜ ኤንትሬ ይነዱ ነበር፤ ያቺን የፊያት የጭነት መኪና፣ ከአሰብ አዲስ አበባ። «የምን ኮምፒውተር ነው?» አሉ። «የኛ መካኒክ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ነበር የሚያዳምጥ። ልክ እንደ ሐኪም! ከዚያ ‹ሦስተኛው ሲሊንደር› ይልሃል። ስትፈታው ሦስተኛው ነው።»

አማች እናቴ ደግሞ ጸበል ብንረጭባት ምን ይለናል አሉ። ኋላ ሳስበው ከሁሉም ርካሹ ሐሳብ የሳቸው ነበር።

ሰኞ ዕለት የወንድሟን ምክር ይዤ አንድ መኪና አስመጪ ኩባንያ ሰርቪስ ማዕከል ደወልኩ። የማን እንደሆነ ይቅር። ድምፅዋ እንደ ቅቤ የሚለሰልስ ልጅ ቀጠሮ ያዘችልኝ። ወዲያው በስልኬ መልእክት ገባ፤ «ሐሙስ 8:00»። ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ገባሁ፣ ምሳዬን በላሁ፣ መኪናዋን ላቫጆ አስገባሁ። ሰው ሐኪም ቤት ሲሄድ ተጣጥቦ አይደል? ልክ ለስምንት አምስት ጉዳይ በራቸው ላይ ነበርኩ።

«ቀጠሮዎ አልፏል» አለኝ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ልጅ።

«8:00 ይላል እኮ!»

«አዎ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለት ነው።»

እስቲ ፍረዱኝ። አማርኛ ተናጋሪ ለአማርኛ ተናጋሪ በአማርኛ መልእክት ልኮ ሰዓቱን በፈረንጅ ይቆጥራል?

በሳምንቱ ሐሙስ ከጥበቃው ቀድሜ ደረስኩ። ነጭ ሸሚዙ በክብር ተቀበለኝ።

«የስንት ዓመተ ምህረት ሥሪት ናት?»

«የ1996።»

ጻፈ። ኮምፒውተሩን አየ። እኔን አየ። እንደገና ኮምፒውተሩን አየ። «ጌታዬ፣ ቪትዝ ገበያ ላይ የወጣችው በ1999 ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን ላይ ነው የመጣሁት?»

ከኋላዬ ወረፋ የያዙ ሴትዮ ናቸው የገላገሉን። «ልጄ፣ በኛ ነው እሚልህ። በነሱ 2003 አርገው።» አመሰገንኳቸው። ከሰዓቱ ተምሬ በፈረንጅ ማውራት ነበረብኝ፤ ረሳሁት።

ከዚያ አዋቂ ለመምሰል «ካንዴላና ፊልትሮም እግረ መንገዱን ይታይልኝ» አልኩት። ግራ ገባው። «ስፓርክ ፕላግ ማለትዎ ነው?» አለ በትህትና። አዎ፣ እሱን ማለቴ ነው።

እንግዳ ማረፊያው ማኪያቶ አለው፣ ቴሌቪዥን አለው። በመስታወቱ መኪናህ ወደ ላይ ተሰቅላ ሆዷ ሲታይ ታያለህ። የገዛ መኪናን ከሥር ማየት ጥሩ ነገር አይደለም። አሥራ ምናምን ዓመት አብሬያት የኖርኩትን ሴት ጉድ የሰማሁ ያህል ተሰማኝ። ዝገት፣ ዘይት፣ የት እንዳነሳችው የማላውቀው የማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ።

ከሰዓት በፊት ፕሮፎርማ አመጡልኝ። ሁለት ገጽ፣ ዘጠኝ ዓይነት ዕቃ። እኔ ከላይ ጀምሬ አላነበብኩም። ዓይኔ በቀጥታ የወረደው 15 በመቶ ቫት ወደተጨመረበት የመጨረሻው መስመር ነው። ማኪያቶው ትን አለኝ።

«ዕቃው ደግሞ በትዕዛዝ ነው የሚመጣው» አለ ነጭ ሸሚዙ። «ሁለት ወር ገደማ።»

«እሺ፣ እዘዙልኝ። እስከዚያ አስብበታለሁ» አልኩና ወረቀቱን አጣጥፌ መኪናዋ ኪስ ውስጥ ወተፍኩት። በሁለት ወር ውስጥ ባለቤቴ ያቺን መብራት ስንት ጊዜ እንደምታነሳት እያሰላሁ ወጣሁ።

በማግስቱ ሰፈራችን ያለው ጋራዥ ሄድኩ። በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። በሩ ላይ ጎማ የሌላት ቮልስ ድንጋይ ላይ ቆማለች፤ ውስጧ ዶሮ ተኝታለች። አንድ ልጅ መኪና ሥር ተጋድሞ እግሩ ብቻ ይታያል። «ፒንሳ አቀብለኝ!» ይላል እግሩ። «ፍሪሲዮኑ በልቷል! ቺንጋውም ላልቷል!» ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 አምስት ዓመት ቆይቶ ሲባረር ቋንቋውን ጋራዥ ውስጥ ረስቶ ነው የሄደው። ማርሚታ፣ ፍሬቻ፣ ጎሚስታ፣ ሁሉም የሱ ነው። እዚህማ ቋንቋ አይቸግረኝም ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ግን የትናንቱ ትምህርት አፌ ላይ ቀርቶ ኖሮ ለባለ ጋራዡ «ስፓርክ ፕላግ» ብዬው እርፍ። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፣ ጥቁር ቱታ ለባሽ ሽማግሌ ናቸው። ቱታው ሲገዛ ሰማያዊ እንደነበር ብብቱ አካባቢ ማስረጃ አለ።

«ከኩባንያ ነው የመጣኸው?» አሉኝ።

«አይ... አዎ... ትንሽ።»

«እንግዲህ ምን ላርግልህ የኔ ልጅ?»

ይህን ጥያቄ ልብ በሉልኝ። መልሴንም ልብ በሉልኝ።

«ጋሼ፣ ይቺን መብራት ብቻ ያጥፉልኝ። ትዳሬን እያናጋችው ነው።»

«እሷን ብቻ?»

«እሷን ብቻ።»

አርባ ደቂቃ ፈጀባቸው። ከውጭ ቆሜ ሻይ እየጠጣሁ የፕላስቲክ መላቀቅ ድምፅ ሰማሁ። ሞተር መሆን ነበረበት እንጂ ፕላስቲክ ለምን ሆነ ብዬ አልጠየቅኩም። ቁልፉን ሰጡኝ። አስነሳሁ። የለችም! ቢጫዋ የለችም! 800 ብር ከፈልኩ፣ ለረዳቱ ልጅ 100 ብር ጉርሻ ጨመርኩ፣ ሽማግሌውን አቅፌ ልስም ትንሽ ነበር የቀረኝ።

በቀጣዩ እሁድ የወንድሟን ፊት ለማየት እንዴት እንደቸኮልኩ! «ያንተ ኮምፒውተር ሁለት ወር ያለውን በአርባ ደቂቃ!» አልኩት። አማቴ ከት ብለው ሳቁ፣ በገዛ እጃቸው አጎረሱኝ። እኔም በጉራዬ ሦስት የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼን ወደዚያ ጋራዥ ላክኋቸው። አንዱ እስከ አሁን አያናግረኝም።

ከዚያ ቪትዟ መጠጣት ጀመረች። ድሮ በሃያ ሊትር ሐዋሳ እገባ ነበር፤ መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አሁን ለሥራ ስወርድ አርሲ ነገሌ ላይ ቀይ ውስጥ ገባች። ማደያው ነው የበላኝ ብዬ ከቀጂው ልጅ ጋር ተጨቃጨቅኩ። ማደያ ቀየርኩ። ሌላውም በላኝ። የከተማው ማደያ ሁሉ አድሞብኛል ወደሚል ድምዳሜ ደርሼ ነበር።

ነገሩን ያወጣችው ባለቤቴ ናት። አንድ ጠዋት ቁልፉን ሁለት ደረጃ አዞርኩና ሞተር ሳላስነሳ ስልኬን አየሁ። ዳሽቦርዷ ላይ ያሉት መብራቶች እንደ ገና ዛፍ በሩ። እሷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቆጠረች።

«ያቺ ቢጫዋ ድሮ እንዲህ ስታደርግ ከነዚህ ጋር አብራ በርታ ነበር ኋላ የምትጠፋው። አሁን ለምን አትበራም?»

«ድናለቻ።»

«ዘይቷ ደህና ነው፤ መብራቱ ግን በርቷል። ባትሪዋ ደህና ነው፤ እሱም በርቷል። ለፍተሻ ነው መሰለኝ ሁሉም መጀመሪያ የሚበሩት። እሷ ብቻ ናት የቀረችው።»

ዝም አልኩ። ያ የፕላስቲክ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ተመልሶ መጣ።

ቢሮ ቀርቶብኝ ጋራዥ ሄድን። አዎ፣ አብራኝ ሄደች። ሽማግሌው ምንም አልተደናገጡም። የዳሽቦርዱን ሽፋን አውልቀው በጥፍራቸው ነካ አድርገው ጥፍር የምታህል ጥቁር ፕላስተር አሳዩን። ቢጫዋ ሥሯ ናት። ያን ሁሉ ጊዜ ስትበራ ኖራለች ምስኪን።

«ጋሼ፣ እንዴት እንዲህ ያደርጉኛል?»

«አንተ ነህ እንጂ! ምን አልከኝ? ‹መብራቷን ያጥፉልኝ› አልክ። ‹እሷን ብቻ?› አልኩህ። ‹እሷን ብቻ› አልክ። መኪናዬን ይሥሩልኝ ያልከኝ ቀን አለ?»

ባለቤቴ ወደኔ ዞረች። «እንዲህ ነው ያልካቸው?»

ዶሮዋ ቮልሷ ውስጥ ሆና ታየኛለች።

ሽማግሌው ግን ደግ ናቸው። ደውለው መመርመሪያ ያለው አንድ ልጅ አስመጡ። ልጁ ከመሪው ሥር ገመድ ሰካ፣ ስልኩን አየ፣ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። «ኦክስጅን ሴንሰር» አለ። «ጭሱን ለክቶ ለሞተሩ የሚናገረው እሱ ነው። ሲበላሽ ሞተሩ በግምት ቤንዚን ያፈሳል።»

ኦክስጅን ሴንሰር። የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ። የመኪናዋን ኪስ ከፍቼ ፕሮፎርማውን አወጣሁ። አንደኛ ተራ ቁጥር፤ ኦክስጅን ሴንሰር። ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ «ይሄ ይቅደም፣ ሌሎቹ ይቆያሉ» ተብሎ ተጽፏል። ነጭ ሸሚዙ ነው የጻፈው። ባለቤቴ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አንብባ፣ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለቤተሰብ ሊቀርብ ነው።

ሶማሌ ተራ ወረድኩ። እዚያ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «አዲስ ነው የምትፈልገው ወይስ ኦሪጅናል?» አዲሱ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ኦሪጅናሉ ደግሞ ከሌላ ቪትዝ ላይ የተፈታ ነው። ኦሪጅናሉን አልኩ። እዚያው ተከራክሬ ከጠሩልኝ ዋጋ ግማሹን አስቀነስኩ ብዬ ተደሰትኩ፤ ከኔ ቀጥሎ የመጣው ሰውዬ ከኔም ባነሰ ገዛ።

ሽማግሌው ገጠሙት። ቤንዚኑ ልክ ገባ፤ በሃያ ሊትር ሐዋሳ ደርሼ አረጋገጥኩ። ሒሳብ ስጠይቅ ለሴንሰሩ መግጠሚያ 500፣ ፕላስተሩን ለማንሳት 300 አሉኝ።

«ለፕላስተሩም?»

«ሲለጠፍ 800 ከፍለህ የለ እንዴ? መቼም መንቀል ይረክሳል።»

አሁን በየጠዋቱ ሥርዓት አለን። ቁልፉን ሁለት ደረጃ አዞራለሁ። ባለቤቴ ትቆጥራለች። ቢጫዋ ትበራለች። አስነሳለሁ፤ ትጠፋለች። «ንዳ» ትለኛለች፣ እነዳለሁ።

ትናንት ማታ ደግሞ ስልኬ ጮኸ። ከኩባንያው ነው። «ያዘዙት ዕቃ ገብቷል። ቅዳሜ 8:00 ይምጡ።» ባለቤቴ ከትከሻዬ በላይ አነበበችና፣ «መጀመሪያ ደውልና 8:00ው የማን እንደሆነ ጠይቅ» አለችኝ።