መንጎ ላይ፣ ሲመሽ የሚነቃ ግቢ

ካምፓላ የሄድኩት ለሥራ ነው። ስብሰባው በጊዜ አለቀና ቀሪዎቹ ቀናት የራሴ ሆኑ። የአክስቴ ልጅ እዚያው ትኖራለች። ቀን ቢሮ ትውላለች፣ ማታ ማታ ትማራለች። «ሆቴል ተጎልተህ ከምታመሽ ግቢያችንን ላሳይህ» አለችኝ።

ግቢዋ የኡጋንዳ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ (የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ነው) የካምፓላ ካምፓስ ነው፤ መንጎ የሚባል ሰፈር ላይ ይገኛል። ዋናው ግቢ ሙኮኖ የሚባል ከተማ ላይ ነው፤ ከካምፓላ በስተምሥራቅ፣ በጂንጃ መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እምባሌና አሩዋም ቅርንጫፎች አሉት።

ቅርንጫፍ ካምፓስ ሲባል እኔ ብዙ አልጠብቅም። አዲስ አበባ ላይ ያደገ ሰው ያውቀዋል፦ ከታች ካፌ፣ መሀል ላይ ፀጉር ቤት፣ ከላይ ኮሌጅ። ስለዚህ የሄድኩት ለእሷ ስል ነው። ለቤተሰብ ፎቶ አንስቼ እመለሳለሁ ብዬ።

ከመሀል ከተማ መንጎ የወጣነው በሚኒባስ ነው። ነጭ ሆኖ ወገቡ ላይ ሰማያዊ ዳማ የተሳለበት። እነሱም እንደኛ ታክሲ ይሉታል፣ ረዳቱም እንደኛው መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል። መንጎ ኡጋንዳ ውስጥ ያለው የቡጋንዳ ባህላዊ መንግሥት መቀመጫ ነው። የካባካው፣ ማለትም የንጉሡ፣ ቤተ መንግሥት ሉቢሪ እዚያ አለ፣ ምክር ቤቱ ቡላንጌም እዚያው ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኘው መንገድ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ነው። ኡጋንዳ ሪፐብሊክ ብትሆንም እዚህ ሰፈር ንጉሥ እንዳለ ወዲያው ይገባሃል። የካባካው ፎቶ ያልተሰቀለበት ሱቅ ማግኘት ይቸግራል።

በር ላይ ጥበቃው ቦርሳዬን ፈተሸ፣ መታወቂያዬን አየ፣ «ሴቦ» እያለ በአክብሮት አናገረኝ። ክፍል ስንት ሰዓት እንደሚጀመር የአክስቴ ልጅ በሉጋንዳ ጠየቀችው። የመለሰላት ቁጥር አሥራ አንድ ነበር። እኔ ሰዓቴን አየሁ፤ ልክ ነው፣ በኛ ሊሞላ ነው። ለካ በሉጋንዳም ቀኑ የሚቆጠረው ከጠዋት ጀምሮ ነው፣ እንደኛው። እንግሊዝኛ ሲናገሩ ግን አምስት ሰዓት ይላሉ። አንድ ሰው በአንድ አፉ ሁለት ሰዓት ሲቆጥር ማየት ለኢትዮጵያዊ የተለመደ ነገር ነው፤ ሰው አገር ስታየው ግን ያስቃል።

ግቢው ትንሽ ነው። ቀን ላይ ጭር ይላል አሉኝ። እኛ ስንደርስ ግን ሰው እየጎረፈ ነበር። የነርስ ልብስ የለበሰች፣ የባንክ ክራቫቱን ያላላ፣ ሄልሜቱን በእጁ የያዘ። ፍሬሽ ተማሪ የምትለው ዓይነት ፊት ጥቂት ነው። አብዛኛው ሠራተኛ ነው፣ ልጆች ያሉት፣ ድካም ፊቱ ላይ የሚታይ። እኛ አገር ኤክስቴንሽን የምንለው ሕዝብ ማለት ነው።

የማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ለፊት ቆምኩ። የአክስቴ ልጅ ክፍያ ልታጣራ ገብታ ቆየች፤ እኔ ደግሞ ሰሌዳ ማንበብ እወዳለሁ። የአንድን ተቋም ነገር ከድረ ገጹና ከብሮሹሩ ይልቅ በፑሽፒን ከተሰካ ወረቀት የበለጠ ታገኘዋለህ።

ከላይ በቀይ የተጻፈው ስለ ክፍያ ነው። ክፍያ ያላጠናቀቀ ፈተና አይቀመጥም። ይኼ የትም ያለ ነው፣ አለፍኩት። ከሥሩ የሚሽን ሳምንት ማስታወቂያ አለ። በየሴሚስተሩ አንድ ሳምንት ለስብከት ይሰጣል፤ እንግዳ ሰባኪ ይመጣል፣ ዝማሬ፣ ምስክርነት፣ ጸሎት። ፕሮግራሙ በምሳ ሰዓት አንዴ፣ ማታ አንዴ ተብሎ ተከፍሏል። የማታው ከክፍል በፊት ነው፣ ጠባብ ሰዓት። ከቢሮ ወጥቶ፣ ትራፊክ ተጋፍቶ፣ ስብከት ሰምቶ፣ ከዚያ አካውንቲንግ የሚማር ሰው አስቡት።

ጎኑ ላይ የጊልድ ምርጫ ፖስተሮች ተደርድረዋል። ጊልድ ማለት የተማሪዎች ምክር ቤት ነው፤ በኡጋንዳ ዩኒቨርሲቲዎች የጊልድ ፕሬዚዳንት መሆን ቀላል ነገር አይደለም፣ የአገሪቱ ፖለቲከኞች ብዙዎቹ ጉሮሯቸውን የጠረጉት እዚያ ነው። ተወዳዳሪዎቹ ሱፍ ለብሰው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ኮስተር ብለው ተነስተዋል። ከዚያ ስለ አለባበስ ደንብ የሚያስታውስ ወረቀት። ከዚያ የሴቶቹ ቅርጫት ኳስ ቡድን የሌዲ ካነንስ ጨዋታ። ይኼ ቡድን በአገር ደረጃ ስመ ጥር ነው፣ የብሔራዊ ሊጉን ዋንጫ ደጋግሞ ወስዷል። ጨዋታው ሙኮኖ ነው። ምረቃውም ሙኮኖ ነው። የአክስቴ ልጅ ከኋላዬ መጥታ ሳቀች፦ «ድግሱ ሙኮኖ፣ ፈተናው እዚህ።»

ከሁሉም ያቆመኝ ግን ጥግ ላይ የተሰካች በእጅ የተጻፈች ወረቀት ናት። የአንድ ተማሪ አባት አርፈዋል። ቀብሩ የትኛው መንደር እንደሆነ፣ መኪና ከየት እንደሚነሳ፣ ማቡጎ ለማን እንደሚሰጥ ተጽፏል። ማቡጎ ለሐዘንተኛ የሚሰበሰብ ገንዘብ ነው። ሰብሳቢዋ የክፍል አለቃዋ ናት። ያው እድር በሉት። በሳምንት ጥቂት ማታ ብቻ የሚተያዩ ሰዎች እድር አላቸው። ከታች ካፌ ከላይ ኮሌጅ ያልኩት ሐሳብ እዚያች ወረቀት ላይ ተንገዳገደ።

ክፍል እንድገባ መምህሩ ፈቀዱልኝ። በአጭር ጸሎት ተጀመረ፣ አንዲት ተማሪ ቆማ ጸለየች፣ ወዲያው ወደ ሥራ አመራር ተገባ። ሃይማኖት በጭንቅላት ላይ አይጫንም፤ ግን ሥርዓቱ ውስጥ ገብቷል። ማንም ተማሪ፣ ቢዝነስ ይማር ምሕንድስና፣ የጋራ መሠረታዊ ኮርሶች አሉበት። ብሉይ ኪዳን፣ አዲስ ኪዳን፣ የዓለም አመለካከት፣ ሥነ ምግባር፣ ጤና። ሙስሊም ተማሪም ይመዘገባል፣ እሱም ይወስዳቸዋል። የፊተኛው ወንበር ላይ ሒጃብ የለበሰች ልጅ ነበረች፣ የብሉይ ኪዳን ማስታወሻዋ ከሁሉም ይበልጣል ይባላል፤ ሁሉም ከእሷ ነው የሚገለብጠው።

የአክስቴ ልጅ ኦርቶዶክስ ናት። የብሉይ ኪዳኑን ኮርስ ስትወስድ መጽሐፈ ሄኖክን አነሳች። ክፍሉ ዝም አለ። እኛ 81 መጻሕፍት እንደምንቆጥር፣ ሄኖክና ኩፋሌም እንዳሉበት ስትነግራቸው መምህሩ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ቆማ እንድታስረዳ ጠየቋት። «ሰንበት ትምህርት ቤት የተማርኩትን ያህል ነው የማውቀው፣ ያንን ሌሊት ሙሉ ስደውል አደርኩ» አለችኝ። ማን ጋ እንደደወለች ባልነግራችሁም ገምቱት፤ አባቷ ዲያቆን ነበሩ።

በማግስቱ ጠዋት ብቻዬን ናሚሬምቤ ኮረብታ ወጣሁ። ከመንጎ አፍንጫ ሥር ነው። የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አናቱ ላይ ቆሟል፣ ቀይ ጡብ፣ ከላይ ጉልላት። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) የአሁኑ የተሠራው ከ1915 እስከ 1919 ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት አልበረከቱም። አንዱን በ1894 ነፋስ ጣለው፣ ሌላውን በ1910 መብረቅ አቃጠለው። ምእመኑ የሚጠራው በደወል ሳይሆን በከበሮ ነበር። ግቢው ውስጥ መቃብሮች አሉ። በ1885 በቡሶጋ የተገደለው ጳጳስ ጄምስ ሃኒንግተን እዚያ ነው፣ ሐኪሙ አልበርት ኩክም እዚያ ነው።

ኩክ የመንጎን ሆስፒታል በ1897 የመሠረተ ሰው ነው። ያ ሆስፒታል ዛሬም ይሠራል። ዩኒቨርሲቲው በ2018 የሕክምና ትምህርት ቤት ሲከፍት ተማሪዎቹን ያስገባው እዚሁ ነው። እንግዲህ አስቡት። የመጀመሪያዎቹ የአንግሊካን ሚሲዮናውያን በ1877 የደረሱት እዚህ ኮረብታዎች መሀል ወደነበረው ወደ ካባካ ሙቴሳ ግቢ ነው። ሙኮኖ የጳጳስ ተከር የነገረ መለኮት ኮሌጅ የቆመው በ1913 ነው። ዩኒቨርሲቲ የሆነው በ1997፣ ቻርተር ያገኘው በ2004፤ በኡጋንዳ ቻርተር ካገኙት የግል ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው ነው። በዩኒቨርሲቲው ሒሳብ መንጎ ቅርንጫፍ ነው። በቤተ ክርስቲያኒቱ ሒሳብ ግን ሥሩ እዚህ ነው፣ ሙኮኖ ነው ቅርንጫፉ። ይኼን ለአክስቴ ልጅ ስነግራት «ለሬጅስትራር ንገርልኝ፣ ምረቃውን እዚህ ያምጡልን» አለች።

ሐሙስ ዕለት ሙኮኖን ላየው ሄድኩ። መንገዱ ረጅም የሆነው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በመኪና ብዛት ነው። ኪሬካ፣ ብዌዮጌሬሬ፣ ናማንቬ፣ ሴታ፤ ሁሉም ቦታ ይቆማል፣ ሁሉም ቦታ ሙዝና አናናስ በመስኮት ይገባል።

ግቢው ያምራል። ዛፉ ትልልቅ ነው፣ ሣሩ ይታጨዳል፣ የድሮው የኮሌጅ ሕንፃ በቀይ ጡቡ ተከብሮ ቆሟል። ቤተ መጻሕፍቱ የተሰየመው በሃሙ ሙካሳ ነው። እኚህ ሰው የአካባቢው ሹም ነበሩ። በ1902 ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ በዓል ከካቲኪሮው (ከቡጋንዳ ጠቅላይ ሚኒስትር) አፖሎ ካግዋ ጋር እንግሊዝ ሄደው ያዩትን ሁሉ በሉጋንዳ የመዘገቡ ናቸው። የጉዞ ጸሐፊ ስም የተለጠፈበት ቤተ መጻሕፍት ሳይ ደስ አለኝ፣ አልደብቅም።

ማክሰኞና ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ የጋራ አምልኮ አለ፣ ንኮዮዮ አዳራሽ። አዳራሹ የተሰየመው በሊቀ ጳጳስ ሊቪንግስተን ምፓላኒ ንኮዮዮ ነው። ክፍል ይቋረጣል፣ ሰው ይተማል። ኪቦርድ፣ ከበሮ፣ መዘምራን። እኔ ኋላ ቆምኩ። ሥነ ሥርዓቱ አንግሊካን ነው፣ ጉልበቱ ግን ጴንጤ ነው። ማስታወቂያ ሲነበብ አዳመጥኩ፤ የምዝገባ ቀን፣ የስፖርት ውጤት፣ የታመመ መምህር፣ የሚሽን ሳምንት። ከመንጎው ሰሌዳ ጋር አንድ ነው፣ እዚህ ግን በማይክራፎን ነው፣ ብዙ መቶ ሰው ይሰማዋል፣ አንዳንዱ ያጨበጭባል። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ የመንጎውን መረጥኩ። እዚያ ሰው ወረቀቱን ጣቱን አስደግፎ ነው የሚያነበው፣ ከጎኑ የቆመውን ይጠይቃል፣ ይከራከራል። ማታ ተማሪ ስለሆነ አንድ ቀን ቢያልፈው የሚነግረው የለም።

የዓመቱ አቆጣጠራቸውም የቤተ ክርስቲያን ነው። ሴሚስተሮቹ ቁጥር የላቸውም። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር የሚጀምረው አድቬንት (ገና የሚጠበቅበት ጊዜ) ነው፣ ከጃንዋሪ ወዲህ ኢስተር (ፋሲካ)፣ ከሜይ ወዲያ ትሪኒቲ (ሥላሴ)። ሴፕቴምበር ላይ ገናን መጠበቅ ትንሽ ይፈጥናል፤ ለጿሚ ሰው ግን ጥሩ ልምምድ ነው። አገሪቱም ለእነሱ የምትመች ናት። ፌብሩዋሪ 16 በዓል ነው፤ ሊቀ ጳጳስ ጃናኒ ሉዉም በ1977 በኢዲ አሚን ዘመን የተገደሉበት ቀን። ጁን 3 የሰማዕታት ቀን ነው። በ1886 ናሙጎንጎ ላይ ወጣቶቹ የካባካው አገልጋዮች በእሳት የተቃጠሉበት። ናሙጎንጎ ከካምፓላ ወደ ሙኮኖ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው፣ ከሩቅ አገር በእግሩ የሚመጣ ምእመን አለ። በትሪኒቲ መጀመሪያ ላይ ስለሚውል ተማሪው አዲስ ሴሚስተር ሳይሟሟቅ ለእግር ጉዞ ጫማ ይፈልጋል።

ለመሄድ ያሰበ ካለ፣ የፈተና ሰሞን አይሂድ፤ ማንም አያናግረውም። መንጎ ከሆነ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ፣ በኛም በነሱም አቆጣጠር። ሙኮኖ ከሆነ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ፣ ጠዋት በጊዜ ተነስቶ። መታወቂያ መያዝ ግድ ነው። ቁምጣ ለብሶ መሄድ አይቻልም፣ በሩ ላይ ይመልሱታል። የአክስቴ ልጅ በበኩሏ የመጨረሻ ሴሚስተሯን ጀምራለች። የምረቃው ቀን ሲወጣ ሰሌዳውን ፎቶ አንስታ እንደምትልክልኝ ነግራኛለች። እናቷ ከአሁኑ ፓስፖርት ለማውጣት ወረፋ ይዘዋል።