ሰርጉ የበላው መብራት

ጥር ሲገባ ደብረ ማርቆስ ላይ ሁለት ነገር ይበዛል፤ ሰርግና አቧራ። እኔና ሸሪኬ ከሁለቱም እንጀራ እንበላለን። አንድ ላቫጆ አጠገብ ግቢ ተከራይተን መኪና ፖሊሽ እናደርጋለን። ላቫጆው ያጥባል፣ እኛ እናስውባለን።

"ታጥቧል እኮ! ደግሞ ምኑን ነው የምትፈትጉት?" የሚለን ሰው ብዙ ነው። የምንፈትገው ከቀለሙ በላይ ያለውን ክሊር ነው፤ ያንን የሚያብረቀርቀውን ሽፋን። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ማይክሮን ነው። ከፀጉር ይቀጥናል። የኛ ሰው ደግሞ ጠዋት ተነስቶ አቧራ የለበሰ መኪናውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይወዳል። አቧራው ውስጥ አሸዋ አለ፤ ክሊሩን ይጭረዋል። ፀሐይ ሲያርፍበት ክብ ክብ ጭረቱ ይወጣል። ጥቁር መኪና ላይማ ዓይን ይወጋል። ያንን የሚያነሳው ፖሊሸር ነው፣ ኮምፓውንድ የሚባል መፈተጊያ ቅባት የተቀባ ስፖንጅ የሚያሽከረክረው ማሽን።

እኔንና ሸሪኬን ሊያለያየን የነበረውም ይኸው ማሽን ነው። እሱ ገመድ አልባ ካልገዛን አለ። እኔ ባለገመድ አልኩ።

"እኔ በግ ነኝ እንዴ በገመድ የምታሰረው?" አለኝ።

ነገሩ ሐሰት አይደለም። ገመድ ያስመርራል። መኪናውን በዞርክ ቁጥር ጎማ ስር ይገባል፣ ትጎትተዋለህ፣ ከሶኬቱ ይነቀላል። አንዱን ጭረት ስታጠፋ ገመዱ ራሱ ኮፋኖው ላይ ተንፏቆ ሌላ ጭረት ያወጣልሃል። ለዚህ ነው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ገመዱን በትከሻው አሳልፎ ወደ ጀርባው የሚጥለው። የቀበቶ ዘለበት ያደረገ ሰውም መኪናው አጠገብ አይደርስም፣ ይህን ግን ለደንበኛ መንገር ይከብዳል።

እኔም ሒሳቤን የኮምፓውንድ ካርቶን ላይ ጻፍኩለት። 18 ቮልት፣ 5 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ 90 ዋት ሰዓት ጉልበት አለው። ማሽኑ በደንብ ሲጫንበት አንድ ባትሪ 20 ደቂቃ ካቆየ እሰየው ነው። የተጫረ መኪና በሙሉ ለመፈተግ ደግሞ ሰዓታት ይፈጃል። አንዱ ሲሠራ ሌላው ቻርጅ እየተደረገ፣ ሌላው ደግሞ እየበረደ መጠበቅ አለበት። ሠርቶ የጋለ ባትሪ ቻርጀሩ ላይ ብትሰካው እስኪበርድ ድረስ መሙላት አይጀምርልህም።

"መብራት ሲሄድስ?" አለ።

"ባትሪውንስ በምን ልትሞላው ነው? በጸሎት?"

ተኳረፍን። ከኩርፊያ በኋላ ደግሞ አዲስ ነገር አመጣ። 20 ቮልት የሚል ማሽን በስልኩ አሳየኝና "ካንተ 18 በ2 ይበልጣል" አለ። አይበልጥም። ውስጡ ያሉት አምስት ሴሎች ጢም ብለው ሲሞሉ 20 ቮልት ገደማ ናቸው፣ ሥራ ላይ ሲሆኑ ደግሞ 18። አንዱ ካርቶን የመጀመሪያውን ይጽፋል፣ ሌላው ሁለተኛውን። ይህን ሳስረዳው ሸሪኬ ነጋዴ ሊያታልለው እንደሞከረ ሰው አየኝ።

መጨረሻ ላይ መርካቶ ወርጄ ባለገመዱን ገዛሁ። እየዞረ የሚወዛወዘውን ዓይነት ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚሽከረከረው ዓይነት ጭረት ቶሎ ያነሳል፣ ግን ጀማሪ እጅ ላይ ከወደቀ የበሩን ጠርዝ አግሎ ቀለሙን ይበላዋል። ሸሪኬም አልተኛም። አሜሪካ ላለችው እህቱ ደወለ። ለገና ስትመጣ ገመድ አልባውን ከሁለት ባትሪ ጋር ይዛለት መጣች። ትርፍ ሊቲየም ባትሪ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ስለማይጫን ሁለቱንም በእጅ ቦርሳዋ ነው የተሸከመቻቸው። ባለቤቷ ጢም አድርጎ ሞልቶ ነበር የላካቸው።

ቻርጀሩ 120 ቮልት ይላል። የኛ ሶኬት 220 ነው። ይህን ከጀርባው አንብቤ "ቆይ..." ከማለቴ ሸሪኬ ሰካው። ጧ አለ። ቡና እየጠጣን ነበር፤ የዕጣኑን ሽታ የቻርጀሩ ሽታ በለጠው።

"እኛ ጋ ስንሰካው ደህና ነበር እኮ" አለች እህቱ፣ ስኒዋን እንደያዘች።

ስለዚህ ሁለት ሙሉ ባትሪ አለን፣ ቻርጀር የለንም። ሌላ እስኪገኝ ባትሪዎቹ ሳጥን ውስጥ ተቆለፈባቸው። የክፉ ቀን ናቸው ተባለ።

ክፉ ቀኑ ቅዳሜ ማታ መጣ። ጋሼ፣ የሰፈራችን ሰው፣ ልጃቸውን እሁድ ሊድሩ ነው። የሙሽራ መኪና የሚሆነው የራሳቸው ጥቁር ኮሮላ ነው። ከአዲስ አበባ ዓባይን ተሻግረው የሚመጡ እንግዶች ሊቀበሉ ደጀን ሄደው ስለነበር መኪናው እኛ ዘንድ የደረሰው ሊመሽ ሲል ነው። አቧራው ቀለሙን አስቀይሮታል።

"ልጆቼ፣ ነገ 3 ሰዓት ሙሽራ ይጫናል። ፊቴን የማይበት አድርጉልኝ" አሉ።

ታጠበ፣ ደረቀ። ኮፋኖውን መሀል ለመሀል በወረቀት ፕላስተር ከፈልኩት። ግማሹን ሠርቼ ከግማሹ ጋር ማስተያየት ደስ ይለኛል። ደንበኛም ሲያየው ሒሳብ ሲከፍል አይከራከርም። ስፖንጁ ላይ አራት ጠብታ ኮምፓውንድ ጣል አደረግኩ። በዝግታ አዳረስኩት፣ ከዚያ ፍጥነቱን ወደ 5 ከፍ አድርጌ ቀስ ብዬ ወዲህ ወዲያ፣ ላይ ታች። ነጩ ዳመና እየሳሳ ሄደ። በማይክሮፋይበር ጨርቅ ስጠርገው የግቢው አምፖል ከነሽቦው ኮፋኖው ውስጥ ቁጭ ብሎ ታየኝ። ግማሹ አለቀ።

ፕላስተሩን አንስቼ ወደ ሁለተኛው ግማሽ ስሻገር ማሽኑ ማንቀላፋት ጀመረ። ድምፁ ወረደ። ስጫነው ጭራሽ ሊቆም ደረሰ። ኤክስቴንሽኑን አየሁት፤ ወፍራም ሽቦ ነው፣ ተዘርግቷል፣ አልጋለም። ቀጭን ረጅም ገመድ ቢሆን ኃይል ይበላ ነበር፣ ተጠቅልሎ ቢሆን ደግሞ ይግል ነበር። የኔ ደህና ነው። ሽቦውን እየተከተልኩ ሄድኩ። አከራያችን እማማ ጓዳ ገባሁ። የኤሌክትሪክ ምጣዳቸው ፊት ተቀምጠው ሊጥ እያሰፉ ነው። ምጣድ ከ3000 ዋት በላይ ይጎትታል። ለኔ ማሽን የተረፈው ፍርፋሪ ነው።

"እማማ፣ ለትንሽ ደቂቃ ቢያጠፉልኝ..."

"ምን? ምጣዱ ከበረደ እንጀራው ዓይን አያወጣም!"

"የሙሽራ መኪና ነው እኮ እማማ። ለነገ ነው።"

"እኔስ ለማን መሰለህ የምጋግረው? ለዚሁ ለጋሼህ ሰርግ አይደል? መኪናህ እንደሆነ ሁለት ትልልቅ ዓይን አውጥቷል፣ ምን ቀረው?"

ምን ይባላል? ተደራደርን። እሳቸው እንጀራ አውጥተው ምጣዱን በጉሎ ሲያሹ እኔ እሠራለሁ፣ ክዳኑ ሲከደን እቆማለሁ። በር ላይ የቆመው ረዳታችን "ከደኑ!" "አነሱ!" እያለ ይጮኻል። ለሁለት ሦስት እንጀራ ያህል ሠራልን። ከዚያ ጎረቤት የዲጄው ልጅ ለነገ ስፒከር ልሞክር ብሎ ከዚያው ቆጣሪ መስመር ሳበ። ብሬከሩ ወረደ። መለስነው። መለስነውና ዞር ስንል ሰፈሩ በሙሉ ድርግም አለ። ከየቤቱ "ውይ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ከሁሉም የእማማ ይበልጣል።

ሸሪኬ ጨለማው ውስጥ ሲስቅ ጥርሱ ይታየኛል። "ቁልፉን አምጣ" አለ። ዕድሜ ልኩን የጠበቃት ሰዓት ናት።

ሳጥኑ ተከፈተ። አንድ ባትሪ።

"ሁለተኛውስ?"

ዝም አለ። "አናጺው ወስዶታል" አለ ቆይቶ። የአናጺው ትራፓኖ ከኛ ማሽን ጋር አንድ ፋብሪካ ነው፣ ባትሪው ይገጥማል።

"ለምኑ ነው የወሰደው?"

"ዳስ እየሠራ ነው።"

"የማን ዳስ?"

"የጋሼ።"

ረዳታችን ባትሪውን ሊያመጣ ሮጠ። እኛ በስልክ መብራት ገመድ አልባውን አስነሳን። አምኜ ልናገር፣ ደስ ይላል። የሚረገጥ የለ፣ የሚጎተት የለ። ባትሪው ከኋላ ስለሚሰካ ክብደቱ ወደ ኋላ ይስባል እንጂ እጅ ይለምደዋል። ወደ ኮፋኖው ልሄድ ስል ጋሼ መጡ። ፓውዛቸውን የኋላ በር ላይ አበሩ። ልጆች በሚስማር የሞነጫጨሩት ይመስላል።

"መጀመሪያ ይኼ! ሙሽሪት የምትገባው በዚህ ነው" አሉ። ጋሼን እምቢ አይባልም። ጭረቱ ጥልቅ ስለነበር ሸሪኬ ተጭኖ ፈተገው፣ ባትሪውም ተጭኖ ጠጣ። በሩ አማረ። የባትሪው መብራቶች አንድ በአንድ ጠፉ።

ረዳታችን ሁለተኛውን ይዞ ደረሰ። ቁልፉን ስጫነው አንዲት መብራት ብልጭ ድርግም አለች። ዳሱ ቀሪውን ጨርሶታል። ፈዛዛው ግማሽ ኮፋኖ መሀል ላይ አሳረፍኩት። ሰሃን የምታክል ክብ ቦታ አበራና ፀጥ አለ።

አሁን ኮፋኖውን ልንገራችሁ። ቀኝ ጎኑ መስታወት ነው። ግራ ጎኑ የደጀን መንገድ ነው። የደጀኑ መንገድ መሀል ላይ አንዲት ክብ ኩሬ አለች። በእጃችን ፈተግን፤ በእጅ ጭረት ማንሳት የሚያተርፈው የክንድ ሕመም ነው። መብራት ሊመጣ ነው እያልን አደርን። ሲነጋ ሰም ቀባነው። ሰም ያወዛል እንጂ ጭረት አያጠፋም።

ማስዋቢያ ሠሪው ማለዳ መጣና ገላገለን። አበባውን ኩሬዋ ላይ በፕላስተር ለጠፈ፣ ነጩን ሪባን ልክ ፕላስተሩ በነበረበት መስመር አስኬደ። ጋሼ ዞረው አዩና መረቁን። መኪናው ከግቢ እንደወጣ መብራት መጣ። እማማ እልል አሉ፤ ለመኪናው ይሁን ለምጣዱ አልጠየቅኩም።

ችግሩ ሰም የተቀባ ነገር ላይ ፕላስተር አይይዝም። አበባው መንገድ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ፣ ሪባኑ ግን ፍንክች አላለም። ሙሽሪት ቤት ስንደርስ ሚዜዎቹ እንደ ወጉ በር ላይ ተከልክለው ቆሙ። መኪናውም ሰው ሁሉ ፊት ቆመ፣ ፀሐዩም ወጥቷል። የሙሽሪት አጎት በዱላቸው ተደግፈው ኮፋኖውን ትኩር ብለው አዩ።

"ይኼ ምንድን ነው? አንዱ ወገን ያበራል፣ አንዱ ፈዟል። የፈዘዘው የኛ ነው?"

ሸሪኬ ላረጋጋቸው ብሎ ዘሎ ገባ። "ኧረ አይደለም አባባ! ያበራው የእናንተ ነው!"

ይህን ከኋላ የወንዱ ወገን ሰማ። "እህ? የፈዘዘው እኛ ነን ማለት ነው?" አሉ አንዲት አክስት፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። ሚዜዎቹ ሳቃቸውን በመነጽራቸው ሊሸፍኑ ሞከሩ። ጋሼ እኔን ፈለጉኝ፤ እኔ ከበሮ መቺው ኋላ ነበርኩ። በሩ በስንት ልመና ሲከፈት ከሁሉ ቀድሜ የገባሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ምግብ ላይ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ የእማማ እንጀራ ዓይኑ ሙሉ ነበር።

ጋሼ ሒሳባቸውን ግማሽ ነው የከፈሉት። ሲከፍሉም ብሩን መሀል ለመሀል አጥፈው ነው የሰጡኝ።

በሳምንቱ የሙሽሪት አጎት ፒክአፕ ይዘው ግቢያችን ገቡ። ሸሪኬ አዲስ የመጣውን የ220 ቮልት ቻርጀር እያሳየ ገመድ አልባውን ማሞገስ ጀመረ፣ እኔም ባለገመዱን አነሳሁ። ሁለታችንንም በዱላቸው አስቆሙንና ወደ እማማ ጓዳ ዞሩ።

"እመቤት፣ እንጀራ የማትጋግሪበት ቀን መቼ ነው? መኪናዬን ያን ቀን ላምጣው።"